በበረሃ ተጓዳኝ ማግኘት፦ ዝልግልግ ሻጋታዎች እንዴት ይራባሉ?

በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ግራና ቀኝ በተንጣለለው የሶኖራ በረሃ አንድ ካክተስ ሲቆስል ወይም ውርጭ ሲመታው ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል። ዙሪያው ያለው አሸዋና ጠጠር ክው ብሎ ደርቆ ሳለ የካክተሱ ሥጋ ያጠራቀመውን ውሃ ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። በዚያ እርጥብ ብስባሽ ውስጥ እርሾና ባክቴሪያ ይራባሉ፤ እነሱን የሚመገቡ ዝልግልግ ሻጋታዎችም ይከተላሉ። ብስባሹ መድረቅ ሲጀምር ባድሃሚያ ሜላኖስፖራ የተባለው ዝርያ በካክተሱ ላይ እንደ ነጭና ግራጫ ጥቃቅን እንክብሎች ሆኖ ብቅ ይላል። እንክብሎቹ ሲፈርሱ የሚወጣው የስፖር ዱቄት ጥቁር ነው። ቀጣዩ የበሰበሰ ካክተስ ግን ብዙ ርቆ ሊሆን ይችላል። ነፋስ አንድ ስፖር ቢያደርስ፣ ያ ስፖር ብቻውን ዘር መተካት ይችላል ወይ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን የእነዚህን ፍጥረታት ርቢ ለ60 ዓመታት ሲያጠኑ የቆዩ ሰዎች በሙሉ የተነታረኩበት ነገር እዚህ ውስጥ ተጠቅልሏል፦ የተራክቦ ዓይነቶች ስንት ናቸው? ያለ ተጓዳኝ የሚራቡት የትኞቹ ናቸው? አንድ ዝርያ የምንለውስ በእርግጥ አንድ ነው? በብዛት የሚሰማው መልስ "በረሃ ላይ ተጓዳኝ ማግኘት ከባድ ስለሆነ የበረሃ ሻጋታዎች ተጓዳኝ መፈለግን ትተዋል" የሚል ነው። እኔ ግን ይህ መልስ ከማስረጃው ቀድሞ የሮጠ ነው እላለሁ። ለምን እንደምል ለማሳየት ከሕይወት ዑደታቸው መነሳት ያስፈልጋል።

ዝልግልግ ሻጋታ በስሙ ሻጋታ ይባል እንጂ ፈንገስ አይደለም፤ የአሜባ ወገን ነው። እዚህ በዋናነት የምናገረው ሚክሶማይሲት ስለሚባሉት ነው፤ እስካሁን የተሰየሙት ዝርያዎቻቸው 1000 ያህል ናቸው። ስፖራቸው በአማካይ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ቢሆን ነው። እርጥበት ሲያገኝ ቅርፊቱ ይከፈትና አሜባ ይወጣዋል። ውሃው ከበዛ አሜባው ሁለት ጅራፍ መሰል ጭራዎች አውጥቶ ይዋኛል፤ ውሃው ሲያንስ ጭራዎቹን ሰብስቦ ይድሃል። ባክቴሪያ እየበላ ለሁለት ለሁለት እየተከፈለ ይበዛል። በዚህ ደረጃ እያንዳንዱ ህዋስ የሚይዘው አንድ ስብስብ ክሮሞዞም ብቻ ነው። ድርቅ ከመጣ በዙሪያው ግድግዳ ሠርቶ ይተኛል።

ሁለት የሚስማሙ አሜባዎች ሲገናኙ ይዋሃዳሉ፤ ኒውክሊየሶቻቸውም አንድ ይሆናሉ። ከዚህ ውህደት የሚያድገው ፕላዝሞዲየም ይባላል፤ ከወባ ተውሳክ ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም። ፕላዝሞዲየም እጅግ አስደናቂ ነገር ነው፦ ኒውክሊየሶቹ በሺዎችና በሚሊዮኖች ሲባዙ አካሉ ግን አይከፋፈልም፤ አንድ ግዙፍ ህዋስ ሆኖ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወዲያና ወዲህ እየፈሰሰ ይንቀሳቀሳል። እሱም ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ጠጥሮ መተኛት ይችላል። በመጨረሻ መላው አካሉ ወደ ስፖር ተሸካሚ እንክብሎች ይቀየራል። ክሮሞዞምን በግማሽ የሚቀንሰው የሚዮሲስ ክፍፍል መቼ እንደሚካሄድ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ሄንሪ አልድሪች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሦስት የፊሳረም ዝርያዎችን መርምሮ ሚዮሲስ የሚካሄደው ቀድሞ በተሠራው ስፖር ውስጥ፣ ስፖሮቹ ከተለያዩ አንድ ቀን ገደማ በኋላ መሆኑን አሳየ። ከሚፈጠሩት አራት ኒውክሊየሶች ሦስቱ ይሞታሉ፤ የሚተርፈው አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። የሚደርቅ አካባቢ ፕላዝሞዲየሙን ወደ ስፖር ይገፋዋል፤ ስፖሩ ውስጥ ደግሞ ሚዮሲስ አለ። ስለዚህ በሚክሶማይሲት ዘንድ ድርቀትና ፆታዊ ርቢ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ዘመዶቻቸው የሆኑት ዲክቲዮስቴሊዶች ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል። በዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም ብዙ አሜባዎች ተሰባስበው እግር ያለው የስፖር አካል የሚሠሩት ያለ ምንም ተራክቦ ነው። ተራክቦ የሚኖረው ጨለማና ውሃ የበዛበት ሁኔታ ሲፈጠር ነው፤ ሁለት አሜባዎች ተዋህደው ያገኙት ግዙፍ ህዋስ በዙሪያው የተሰበሰቡትን ሌሎች አሜባዎች እየዋጠ ማክሮሲስት የሚባል ወፍራም ግድግዳ ያለው ቋጠሮ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጋሬዝ ብሉምፊልድና ባልደረቦቹ የዚህን ዝርያ ሦስት የተራክቦ ዓይነቶች (ማን ከማን ጋር መዋሃድ እንደሚችል የሚለዩ መደቦች) የሚወስነውን የዘረመል ቦታ ለይተው በሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። ዲክቲዮስቴሊዶች በበረሃ አፈርም ይገኛሉ፤ ለእነሱ ግን ድርቅ ማለት ከተራክቦ መራቅ ነው። "ዝልግልግ ሻጋታ በበረሃ" ተብሎ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ላይ ሲወሩ የማልስማማው ስለዚህ ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ሚክሶማይሲት ብቻ ነው።

የተራክቦ ዓይነት መኖሩ በእነዚህ ፍጥረታት ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ የተረጋገጠው ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በሁለት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ጄኒፈር ዲ በብሪታንያ ፊሳረም ፖሊሴፋለም ላይ የሠራችውን ጥናት በኔቸር መጽሔት አወጣች። በ1961 ደግሞ ኦኒል ሬይ ኮሊንስ በአሜሪካ ዲዲሚየም አይሪዲስ ላይ ያገኘውን አሳተመ። ኮሊንስ በሉዊዚያና የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። የሦስተኛ ዲግሪውን በአይዋ ዩኒቨርሲቲ በታዋቂው ኮንስታንቲን አሌክሶፖሎስ ሥር ሠርቶ በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ፕሮፌሰር ሆነ። ስለ ዝልግልግ ሻጋታ ርቢ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተመሠረተው በእሱ የሥራ ስልት ላይ ነው፤ ስልቱ ደግሞ ቀላልነቱ ያስቀናል።

ከአንድ እንክብል የወጡ ስፖሮችን በውሃ ታቀጥናለህ፤ አጋር በሚባል ጄሊ መሰል ማሳደጊያ ላይ ትዘራለህ፤ በማይክሮስኮፕ እያየህ አንዱን ብቻ ለይተህ ከባክቴሪያ ጋር በሌላ ሳህን ታስቀምጣለህ። ከእሱ የሚባዙት አሜባዎች ሁሉ የአንድ ስፖር ልጆች ናቸው። ይህን ከብዙ ስፖሮች ጋር ትደግማለህ። ከዚያ ትጠብቃለህ። ሳህኑ ላይ ያለ ሌላ እርዳታ ፕላዝሞዲየም ከታየ ያ ዘር ራሱን የቻለ ነው። ካልታየ አሜባዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረግህ ትቀላቅላለህ፤ የትኛው ከየትኛው ጋር ፕላዝሞዲየም እንደሰጠ በሠንጠረዥ ትመዘግባለህ። ኮሊንስ ይህን ሲያደርግ የአንድ እንክብል ስፖሮች በሁለት ቡድን ተከፈሉ፤ የአንዱ ቡድን አባል ከሌላው ቡድን አባል ጋር እንጂ ከራሱ ቡድን ጋር አይዋሃድም። በ1963 ደግሞ ከተለያዩ ቦታዎች የመጡ ናሙናዎችን አዳቅሎ ሁለት ብቻ ሳይሆኑ ብዙ ዓይነቶች እንዳሉ፣ ሁሉም ግን በአንድ የዘረመል ቦታ ላይ የተቀመጡ ልዩ ልዩ ቅጂዎች መሆናቸውን አሳየ።

የፊሳረም ፖሊሴፋለም ሥርዓት ከዚህ የተወሳሰበ ነው። እዚያ ሦስት የዘረመል ቦታዎች ይሳተፋሉ። አንደኛው ከውህደት በኋላ ፕላዝሞዲየም እንዲያድግ ይወስናል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው አሜባዎቹ መዋሃዳቸውን ያቀልጥፋሉ ወይም ያዘገያሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የፓሪስ የእንስሳት ማቆያ ይህንን ዝርያ "ብሎብ" ብሎ ለሕዝብ ሲያሳይ የዓለም ዜና ማሠራጫዎች "720 ፆታዎች ያሉት ፍጥረት" ብለው አስተጋቡት። ቁጥሩ የሚገኘው በሦስቱ ቦታዎች የሚታወቁትን ቅጂዎች እርስ በርስ በማባዛት ነው። ሰዎች ስለ እነዚህ ፍጥረታት እንዲጓጉ ማድረጉ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን አሳሳች ነው። የእነዚህ "ፆታዎች" ባለቤቶች በመልክም በመጠንም አይለያዩም፤ ወንድና ሴት የሚባል የሥራ ክፍፍል የላቸውም። ቢሆንም ወደ ወላጅነት ድርሻ የተጠጋ አንድ ነገር አለ። ሁለቱ አሜባዎች ሲዋሃዱ የሁለቱም ሚቶኮንድሪያ አንድ ላይ ይገባል፤ ወዲያው ግን የአንደኛው ወገን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ይጠፋል። የትኛው እንደሚጠፋ የሚወስነው የመጀመሪያው የተራክቦ ጂን ቅጂዎች ባላቸው የማዕረግ ተዋረድ ነው። ዮሱኬ ሞሪያማና ሺገዩኪ ካዋኖ ይህን በ2003 አሳይተዋል። አንዱ ቅጂ ከአንደኛው ጋር ሲጣመር የበላይ፣ ከሌላኛው ጋር ሲጣመር የበታች ሊሆን ይችላል።

ለበረሃ የሚጠቅመን ከ720 ይልቅ ሌላ ስሌት ነው። ብዙ ቅጂ መኖሩ የሚጠቅመው ከሩቅ የመጡ ባዕዳን ሲገናኙ ነው፦ አሥር እኩል የተሠራጩ ቅጂዎች ካሉ ሁለት ባዕዳን የመስማማት ዕድላቸው 90 በመቶ ነው። የአንድ እንክብል ልጆች ሲገናኙ ግን የሕዝቡ ቅጂ ብዛት ምንም አይለውጥም። ወላጁ ፕላዝሞዲየም የያዘው ሁለት ቅጂ ብቻ ስለሆነ ወንድማማች ስፖሮች የመስማማት ዕድላቸው ግማሽ ነው። ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ መለያየት ካስፈለገ ዕድሉ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ይህን ግማሽ ይዘን ወደ በረሃው እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1955 የዕፅዋት ተመራማሪው ኸርበርት ቤከር ሩቅ ደሴቶች ላይ ደርሰው የበቀሉ እፅዋት በብዛት ራሳቸውን ማዳቀል የሚችሉ መሆናቸውን አስተውሎ ምክንያቱን አቀረበ፦ አንድ ዘር ብቻውን ደርሶ ትውልድ ሊመሠርት የሚችለው ሌላ የማይጠብቅ ከሆነ ነው። ለዝልግልግ ሻጋታ እያንዳንዱ የበሰበሰ ካክተስ፣ እያንዳንዱ የአርጤሚስያ ቁጥቋጦ ሥር የተጠራቀመ ቅጠል፣ እያንዳንዱ የግመል ወይም የጥንቸል ፋንድያ እንዲህ ያለ ደሴት ነው። ለምሳሌ በአንድ ቁራሽ ብስባሽ ላይ በአማካይ 0.1 ስፖር ብቻ የሚያርፍ ከሆነ፣ ቢያንስ አንድ ስፖር የሚያገኙ ቁራሾች ከመቶ ዘጠኝ ተኩል ያህል ናቸው፤ ቢያንስ ሁለት የሚያገኙት ግን ከሺህ አምስት አይሞሉም። ልዩነቱ ሃያ እጥፍ ነው። በአማካይ አምስት ስፖር ካረፈ ግን 99 እና 96 ከመቶ ይሆናሉ፤ ልዩነቱ ከንቱ ነው። ማርቲን ሽኒትለርና ጄንስ ተስመር በ2008 ባሳተሙት የሒሳብ ሞዴል ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ በሰፊው መርምረዋል። የነገሩ ቁልፍ ስፖር ምን ያህል ብርቅ ነው የሚለው መሆኑ ከዚህ ግልጽ ነው።

ሒሳቡ ግን ስፖሮች አንድ በአንድ፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ እንደሚያርፉ ያስባል። ተፈጥሮ እንዲህ አታደርግም። አንድ እንክብል ውስጥ ስፖሮች በሺዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ የአንዳንድ ባድሃሚያ ዝርያዎች ስፖሮች ደግሞ ጭራሽ በቡድን ተጣብቀው ነው የሚወጡት። ሜሬዲት ብላክዌልና ባልደረቦቿ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ላትሪዲድ የሚባሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ፉሊጎ ሴፕቲካ የተባለውን የሚክሶማይሲት ዝርያ ስፖር ተሸክመው እንደሚሄዱ አሳይተዋል። ጥንዚዛ አንድ ስፖር ይዞ አይሄድም፤ አካሉ በሙሉ ተቀብቶ ነው የሚሄደው። በዚህ ዓይነት ጉዞ የደረሱ ሁለት ወንድማማቾች ከሁለት አንድ ጊዜ ይስማማሉ፤ አራት ከደረሱ ቢያንስ አንድ የሚስማማ ጥንድ የመገኘቱ ዕድል ከ85 በመቶ ይበልጣል። ተጓዳኝ ፈላጊ መሆን በበረሃም ያን ያህል የሚያስፈራ ዕዳ አይደለም ማለት ነው።

ሌላው ሒሳቡ የሚዘነጋው ጊዜን ነው። የሚክሶማይሲት ስፖር በዕፅዋት ሙዚየም ሣጥን ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ ተቀምጦ የበቀለበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። የደረቀ ቋጠሮም በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ዘንድሮ የደረሰ ስፖር ተጓዳኙን ያጣ እንደሆነ ያበቃለታል ማለት አይደለም፤ በቅሎ፣ ባክቴሪያ በልቶ፣ በሺዎች ተባዝቶ፣ ሲደርቅ ተኝቶ የሚቀጥለውን ዝናብ መጠበቅ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው ስፖር ሲደርስ የሚያገኘው አንድ ብቸኛ አሜባ ሳይሆን የተባዛ ሠራዊት ነው። ይህ መባዛት ራሱ ፋይዳ አለው፤ በላቦራቶሪ እንደታየው አሜባዎች ለመዋሃድ የሚዘጋጁት በተወሰነ መጠን ሲጠጋጉ ነው። በአንድ ዝናብና በአንድ ቁራሽ ብስባሽ ብቻ ብናሰላ የማይቻል የሚመስለው፣ በአሥር ዓመት ዝናብ ስናሰላው የተለመደ ይሆናል። ስለ በረሃ ሻጋታ ርቢ የሚጻፉ ነገሮች ይህን የጊዜ ገጽ ሲያልፉት ሳይ ይከፋኛል፤ በረሃን በረሃ ያደረገው የውሃው ማነስ ብቻ አይደለም፤ ውሃው የሚመጣበት ጊዜ አለመታወቁም ነው።

ወደ መስኩ እንሂድ። ኤቨንሰን የተባሉ ተመራማሪ በአሪዞና የሠሩት የመጀመሪያ የሚክሶማይሲት ዝርዝር የወጣው በ1961 ነው። ሜሬዲት ብላክዌልና ሮበርት ጊልበርትሰን በ1980 የሶኖራን ሚክሶማይሲቶች በሰፊው መዘገቡ። ሽኒትለር በ2001 ክረምቱ እጅግ ቀዝቃዛ ከሆነው የምዕራብ ካዛኽስታን በረሃ ያገኘውን አሳተመ። ዩሪ ኖቮዝሂሎቭና ባልደረቦቹ በኮሎራዶ አምባ፣ በካስፒያን ቆላና በመካከለኛው እስያ ሠሩ። ካርሎስ ላዶ፣ ዲያና ሪግሊ ደ ባሳንታና አርቱሮ ኤስትራዳ-ቶሬስ ደግሞ ከአታካማ እስከ አርጀንቲና በረሃዎች፣ ከሜክሲኮ እስከ ካናሪ ደሴቶች ውሃ አጠራቃሚ እፅዋትን አንድ በአንድ አገላበጡ። አብዛኛው ሥራ የሚካሄደው ደረቅ ብስባሽን፣ ቅርፊትን ወይም ፋንድያን ሰብስቦ ላቦራቶሪ ውስጥ በማርጠብ ነው፤ ከቀናት እስከ ሳምንታት ውስጥ የተኛው ሁሉ ይነቃል። በካናሪ የመረመሩት የበለስ ብስባሽ ለእኛም እንግዳ አይደለም፦ ከአሜሪካ የመጣው ይኸው የበለስ ቁልቋል በትግራይና በኤርትራ ተራሮች በሰፊው ተሠራጭቷል፤ የበሰበሰውን ግንድ ለዚህ ዓይነት ጥናት ማርጠብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከእነዚህ ዳሰሳዎች ምን ተማርን? የበረሃ ዝርያዎች ብዙ መሆናቸውን፣ ከብስባሹ የአሲድ መጠንና ውሃ ከመያዝ አቅሙ ጋር በጥብቅ የተሳሰሩ መሆናቸውን፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች እንዳሉ ተምረናል። ስለ ርቢ ግን የተገኘው ጥቂት ነው። ለምሳሌ ሪግሊ ደ ባሳንታ፣ ላዶና ኤስትራዳ-ቶሬስ ከአታካማ በረሃ አዲስ ዝርያ ብለው የገለጹትን ዲዲሚየም ኦፐርኩላተም በ2011፣ ፊሳረም አታካሜንሴን ደግሞ በ2012 ሲያሳትሙ ከስፖር እስከ ስፖር በአጋር ላይ አሳድገዋቸዋል። በዓለም እጅግ ደረቅ ከሚባሉት በረሃዎች በአንዱ የሚኖርን ፍጥረት ሙሉ ሕይወት በሳህን ላይ ማየት ትልቅ ሥራ ነው፤ ለዚህ ሥራ ያለኝ አክብሮት ከልብ ነው። ነገር ግን አንባቢ "ከስፖር እስከ ስፖር ተራባ" የሚለውን "ያለ ተጓዳኝ ተራባ" ብሎ እንዳያነበው። ብዙ ስፖር በአንድ ሳህን ላይ ከተዘራ ተጓዳኞቹም እዚያው ናቸው። ኮሊንስ ያስተማረው አንድ ስፖር የመለየት ሥራ ካልተጨመረ ሳህኑ ስለ ተራክቦ ምንም አይመሰክርም። የበረሃ ዝርያዎች የተባሉት በአብዛኛው ይህን ፈተና ገና አላለፉም። ካለፉት ጥቂቶች አንዱ በበለስ ብስባሽ ላይ የሚኖረው ባድሃሚያ ግራሲሊስ ነው፤ ጂም ክላርክ፣ ኤድዋርድ ሃስኪንስና ስቲቨን ስቲቨንሰን በ2003 ይህን ዝርያ በሚኮሎጂያ መጽሔት ላይ ለብቻው አጥንተውታል።

ስለዚህ "ያለ ተጓዳኝ ይራባሉ" የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ከበረሃ ውጭ ከተገኙ ዝርያዎች ነው። ክላርክና ሃስኪንስ በ2010 የዘርፉን የተራክቦ ፈተናዎች ሰብስበው ሲገመግሙ የታየው ሥዕል የተደባለቀ ነው፦ በአንድ የዝርያ ስም ሥር ተጓዳኝ ፈላጊ ዘሮችም፣ ራሳቸውን የቻሉ ዘሮችም አብረው ይገኛሉ። ዲዲሚየም አይሪዲስ ራሱ እንዲህ ነው። ራሳቸውን የቻሉት እንዴት እንደሚራቡም ታይቷል። ሁለት አማራጭ ነበር፦ ወይ የአንድ ስፖር ልጆች እርስ በርስ ይዋሃዳሉ፣ ወይ ጨርሶ ውህደት የለም። ከተዋሃዱ የፕላዝሞዲየሙ ኒውክሊየስ የአሜባውን እጥፍ ዲኤንኤ መያዝ አለበት። ቻርልስ ተሪየን፣ ቤልና ኮሊንስ በ1977 ስድስት እንዲህ ያሉ የዲዲሚየም አይሪዲስ ናሙናዎችን ለክተው የአሜባውና የፕላዝሞዲየሙ መጠን እኩል ሆኖ አገኙት። ውህደት የለም፤ ሚዮሲስም የለም፤ ከትውልድ ትውልድ የክሮሞዞም ስብስቡ እንዳለ ይተላለፋል። ይህ አፖሚክሲስ ይባላል።

ትልቁ ነጥብ ግን ይህ መንገድ የማይመለሱበት አለመሆኑ ነው። ኮሊንስ በ1980 ከአፖሚክሲስ ወደ ተጓዳኝ ፈላጊነት የተለወጠ ዘር በዚሁ ዝርያ ላይ ዘገበ። በፊሳረም ፖሊሴፋለም ደግሞ በተራክቦ ጂኑ አካባቢ የሚደርስ አንድ ለውጥ ብቻ ብቸኛ አሜባ ወደ ፕላዝሞዲየም እንዲያድግ ያስችላል፤ ያንግማንና ባልደረቦቹ በ1977 እንዳሳዩት ወደ ፕላዝሞዲየም ማደጉን የሚቀሰቅሰው አሜባዎቹ ራሳቸው ወደ ዙሪያቸው የሚለቁት ኬሚካል ነው፤ መጠኑ ሲከማች ዕድገቱ ይጀምራል። ተጓዳኝ ፈላጊነትና ራስን መቻል በአንድ ዝርያ ውስጥ በጥቂት ለውጥ የሚቀያየሩ ከሆነ፣ "የበረሃ ዝርያ የትኛው ነው?" የሚለው ጥያቄ ራሱ በደንብ አልተጠየቀም። መጠየቅ ያለበት በአንድ በረሃ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ካክተስ ላይ የሁለቱ ድርሻ ስንት ነው የሚለው ነው።

በላቦራቶሪ ማስረጃው ላይ ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። አጋር ዳኛ ብቻ አይደለም፤ መራጭም ነው። ከ1000ዎቹ ዝርያዎች በአጋር ላይ ሙሉ ዑደታቸውን የፈጸሙት ጥቂት ናቸው። አንድ ተመራማሪ አንድ ስፖር ለይቶ ሲያሳድግ ራሱን የቻለው ዘር በቀላሉ ፕላዝሞዲየም ሆኖ ይታያል፤ "ተራባ" ተብሎ ይመዘገባል። ተጓዳኝ ፈላጊው ግን በሳህኑ ላይ አሜባ ሆኖ ይቀራል፤ የሚስማማውን ሌላ ዘር እስኪያገኝ ሳምንታት መጠበቅ፣ ብዙ ጥንድ መሞከር ይጠይቃል። ትዕግሥት ካለቀ "አልተሳካም" ተብሎ ይጣላል። ስለዚህ የተመዘገቡት ቁጥሮች ወደ አፖሚክሲስ ያዘነበሉ መሆናቸው የማይቀር ነው።

ጂን የሚያነቡት ሰዎች ከዚህ በተቃራኒ አቅጣጫ መጡ። ሳህን ሳይነኩ፣ በመስክ የተሰበሰቡ ደረቅ እንክብሎችን ዲኤንኤ ብቻ ያነባሉ። መርሁ ይህ ነው፦ ተራክቦ ካለ በተለያየ ክሮሞዞም ላይ ያሉ ምልክቶች በየትውልዱ እንደ ካርታ ይበወዛሉ፤ በአንድ ናሙና ውስጥም ከሁለቱ ወላጆች የመጡ የተለያዩ ቅጂዎች ይገኛሉ። አፖሚክሲስ ከሆነ ምልክቶቹ ተሳስረው፣ ሳይበወዙ ይተላለፋሉ። ዩን ፌንግና ሽኒትለር በ2015 ትሪኪያ ቫሪያን በዚህ መንገድ ሲመረምሩ አንድ የሚመስለው ዝርያ ሦስት እርስ በርስ የማይዋለዱ፣ ግን እያንዳንዳቸው በተራክቦ የሚራቡ ቡድኖች ሆኖ ተገኘ። በ2016 ደግሞ በበረዶ ጠርዝ በሚበቅሉት የሜሪደርማ ሻጋታዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ማለትም በአጋር ላይ የማያድጉት ዝርያዎች በጂን ሲታዩ ተራክቦ ከታሰበው በላይ አላቸው። እነዚህ የደንና የተራራ ዝርያዎች ናቸው፤ ውጤታቸውን በቀጥታ በበረሃ ላይ መጫን አይቻልም። ሆኖም "ሚክሶማይሲት በአብዛኛው ተራክቦን ትቷል" የሚለውን መነሻ ያናጋሉ።

ለበረሃ ደግሞ የስም ጉዳይ ራሱ ችግር ነው። ኖቮዝሂሎቭ፣ ኦኩን፣ ሽኒትለርና ባልደረቦቻቸው በ2013 ፊሳረም ሲውዶኖታቢሌን ሲገልጹ ለዓመታት ፊሳረም ኖታቢሌ እየተባለ ይሰበሰብ የነበረው የደረቅ ምድር ሻጋታ በጂን ከስሙ ባለቤት ጋር የማይቀራረብ ሌላ ዝርያ መሆኑን አሳዩ። በዓይን ሲታዩ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። እንግዲህ ከአሪዞና የመጣ "ኖታቢሌ" ከካዛኽስታን ከመጣ "ኖታቢሌ" ጋር አልዋለድ ቢል ምን እንማራለን? የተራክቦ ዓይነታቸው አንድ ስለሆነ ይሁን፣ አንዱ አፖሚክት ስለሆነ ይሁን፣ ወይስ ከመነሻው ዘመድ ስላልሆኑ? ጂን ሳይነበብ ሦስቱን መለየት አይቻልም። ጂን ብቻ ከተነበበ ደግሞ አሜባዎቹ በእርግጥ ምን እንደሚያደርጉ አይታይም።

ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ናሙና ላይ አብረው መሠራት አለባቸው የምለው ለዚህ ነው። ከአንድ ካክተስ ላይ ከተሰበሰቡ እንክብሎች ግማሹ ለዲኤንኤ፣ ግማሹ ለኮሊንስ ሳህን ይሂድ። ከእያንዳንዱ እንክብል ቢያንስ ሃያ ስፖር ተለይቶ ለየብቻ ይደግ፤ በአንድ ላይ ከመዘራቱ በፊት ብቻውን ፕላዝሞዲየም መስጠት አለመስጠቱ ለሳምንታት ይታይ። ባድሃሚያ ሜላኖስፖራ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በካክተስ ላይ በብዛት ይገኛል፤ በሰፊው የተሠራጨ ስለሆነም የአሪዞናን ከቺሊ፣ የቺሊን ደግሞ ከካናሪ ጋር ማወዳደር ይቻላል። ይህን መንገድ የተከተለ ሰው አንድ ቀላል ትንበያ መፈተን ይችላል፦ የቤከር ሐሳብ ልክ ከሆነ፣ ካክተሶች ተራርቀው በሚገኙበት ቦታ የአፖሚክት ዘሮች ድርሻ ከፍ ማለት አለበት፤ ካክተሶች በተጠጋጉበት ዝቅ ማለት አለበት። ስፖር በጥንዚዛ ተቀብቶ በቡድን የሚጓዝ ከሆነና አሜባዎች ከዝናብ ዝናብ የሚጠብቁ ከሆነ ግን በሁለቱ ቦታዎች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አይገኝም። ናሙናው በየዕፅዋት ሙዚየሙ ሣጥን ውስጥ በብዛት ተቀምጧል፤ ከስፖሮቹም አንዳንዶቹ ገና በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ።